የጅማ እግር ኳስ ስድስት ዓመታት፦ በዓመት በጀት የተሠራ ቡድን ለምን አይዘልቅም?

በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ ላይ ጅማ ውስጥ ሐዘንና ደስታ ተከታትለው ገቡ። ጅማ አባ ቡና በፕሪምየር ሊጉ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ከአዲስ አበባ ከተማና ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ወረደ። ጅማ ከተማ ደግሞ ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊጉ አደገ። ያደገው ቡድን ጅማ አባ ጅፋር በሚል አዲስ ስም 2010ን ጀመረ፤ በገባበት ዓመትም የሊጉን ዋንጫ አነሳ። በ2014 መጨረሻ ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር እሱም ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ።

ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ስድስት ዓመታት ጅማ ያለማቋረጥ በሊጉ ተወካይ ነበራት። በእነዚያ ዓመታት መውረድ፣ ማደግ፣ ሻምፒዮን መሆን፣ በአፍሪካ መድረክ መጫወትና እንደገና መውረድ ሁሉም ደርሶባታል። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ "ተአምር ነበር"፣ ወይ "ኃላፊዎቹ አፈረሱት"። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ ጥሩ ቡድን ነበር፤ ከሥሩ ግን ክለብ አልነበረም። ቡድንና ክለብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጅማ በውድ ዋጋ አይታዋለች፤ ዛሬም በየክልሉ ከተማ አስተዳደሮች የሚያቋቁሟቸው ቡድኖች በዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

ዋንጫው በምን መጣ?

የ2010 ሊግ 16 ክለቦችና 30 ጨዋታዎች የነበሩበት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዚያ በፊት አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። አባ ጅፋር እስከ መጨረሻው የጨዋታ ሳምንት ተናንቆ፣ ከጊዮርጊስ ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሶ፣ በግብ ልዩነት ቀደመ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በሩን ይጠብቅ የነበረው ጋናዊው ዳንኤል አጄ ነው።

የቡድኑ አሠራር ከዚህ ይነበባል። አዲስ አዳጊ ክለብ ገንዘቡ ውስን ሲሆን በመጀመሪያ የሚያወጣው ግብ ጠባቂና አጥቂ ላይ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች አንድ ተጫዋች ብቻውን ነጥብ ያመጣል ወይም ያድናል። የመሐል ሜዳ ተጫዋች ወይም የመስመር ተከላካይ አቅሙን የሚያሳየው ከጎኑ ካሉት ጋር ሲግባባ ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ግብ ጠባቂና አጥቂ ግን በነሐሴ መጥተው በኅዳር ውጤት መስጠት ይችላሉ። በዚህ ላይ ሊጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ተከላካዩን በሥርዓት የሚያቆም አሠልጣኝ ሲጨመር ቡድኑ በአንድ ዓመት ይደርሳል። ይህ እውነተኛ ሙያ ነው፤ ዋንጫውንም የሚያሳንስበት ምንም ነገር የለም። በግብ ልዩነት የተወሰደ ዋንጫ ማለት በየጨዋታው አንዲት ግብ እንኳ አልተናቀችም ማለት ነው።

ችግሩ ይህ ሁሉ በሰዎች እጅ ያለ እንጂ በክለቡ እጅ ያለ ሀብት አለመሆኑ ነው። ገብረመድህን ከዋንጫው በኋላ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 እዚያ ሻምፒዮን ሆነ። መቀሌ ከጅማ ጋር በአንድ ዓመት ያደገ ክለብ ነው። አንድ አሠልጣኝ በሁለት ዓመት ሁለት አዲስ አዳጊ ክለቦችን ለዋንጫ ማብቃቱ የእሱን ብቃት ይመሰክራል። ለጅማ ግን ሌላ ነገር ይነግራታል፦ ቡድን የመሥራት ዕውቀቱ በሰውዬው ዘንድ ነበር፤ ሰውዬው ሲሄድ አብሮት ሄደ። የልምምድ መዝገብ፣ የተጋጣሚ ጥናት፣ የጉዳት ታሪክ፣ የተጫዋች ምልመላ ዝርዝር በክለቡ ቢሮ ካልቀረ ቀጣዩ አሠልጣኝ ከዜሮ ይጀምራል።

ውሉስ? የፊፋ የዝውውር ደንብ ተጫዋች ከአንድ የውድድር ዘመን ላላነሰና ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲፈርም ይፈቅዳል። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነፃ መደራደር ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት የፈረመ ተጫዋች ሊጉ ገና በግማሽ ላይ ሳለ ወደ ሌላ ቤት ለመሄድ መነጋገር መብቱ ነው፤ ሲሄድም ለክለቡ የሚተርፍ አንድ ብር የለም። ሁለት ዓመት የፈረመ ግን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይሸጣል። ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ዋጋው ከፍ የሚልበት ጊዜ ዋንጫው በተነሳ በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሸጥ ውል በእጁ የሌለው ክለብ ከድሉ የሚያገኘው ስም ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የተጫዋቾቹ ዋጋ በድሉ ምክንያት ስለጨመረ እነሱኑ መልሶ ለማስፈረም ካለፈው ዓመት የበለጠ ይከፍላል።

ሁለት ግብ እና 275 ሺህ ዶላር

በ2011 አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳተፈ። የጅቡቲውን ጅቡቲ ቴሌኮም አልፎ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሜዳው ግን 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር 2 ለ 1 ተሸንፎ ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የማጣሪያ ዙር ተዛወረና እዚያ በሞሮኮው ሀሰኒያ አጋዲር ተሰናበተ። የአህጉሪቱን ባለታሪክ ክለብ በሜዳው ማሸነፉ ለከተማዋ ትልቅ ኩራት ነበር፤ ትክክልም ነው።

የገንዘቡን ጎን ያየ ሰው ግን ያቃጥለዋል። በዚያ ዘመን በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ምድብ የገባ ክለብ የመጨረሻ ሆኖ ቢጨርስ እንኳ 275 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር፤ በሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ የመጨረሻ ለሆነ 550 ሺህ ዶላር ነበር። በወቅቱ በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ ዶላር 28 ብር ገደማ ሲሆን፣ ትንሹ ሽልማት 7.7 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከምድብ በፊት ለወደቀ ክለብ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ሽልማት አልነበረም፤ የአየር ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ የሜዳው ጨዋታ መስተንግዶ ሁሉ ከራስ ኪስ ነው። ካፍ ለቅድመ ማጣሪያ ተሳታፊዎች 50 ሺህ ዶላር ድጎማ መስጠት የጀመረው በ2015 መጨረሻ ነው። አባ ጅፋር በደርሶ መልስ ጨዋታ ለተሻለው ውጤት ቅርብ ሆኖ ሳለ ወጪ ብቻ ይዞ ተመለሰ፤ ያ ወጪ ደግሞ የታቀደው በከተማ በጀት ውስጥ ነው።

በጀቱ ሲሰላ

በኢትዮጵያ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያጸድቀው በሐምሌ አካባቢ ነው። የተጫዋች ዝውውር የሚጦፈውም በሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስህተት ይገባል፦ ገንዘቡ አዲስና ሙሉ መስሎ በሚታይበት ሰዓት የፊርማና የቅድሚያ ክፍያ ይወጣል። ሊጉ ወደ ወሳኙ ምዕራፍ፣ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ ደግሞ የበጀቱ አራተኛ ሩብ ላይ ነን። ከከተማዋ የውሃ፣ የመንገድና የትምህርት ወጪ ጋር የሚሻማ ተጨማሪ በጀት መጠየቅ ይጀመራል። ዋንጫ ወይም መውረድ የሚወሰነው በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ ደመወዝ የሚዘገየውም በእነዚያው ሳምንታት ነው።

በቁጥር እንየው። በነሐሴ 2011 ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ወሰኑ። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር ሕግ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይታሰብበትና 1,500 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ 50 ሺህ ብር ያልተጣራ ደመወዝ 16 ሺህ ብር ግብር አለው፤ ተጫዋቹ እጅ የሚደርሰው 34 ሺህ ነው። ተጫዋች ግን ሲደራደር የሚያወራው ስለ ተጣራ ገንዘብ ነው። "50 ሺህ ንጹህ" ተብሎ ከተስማሙ ክለቡ የሚያወጣው በወር 74,615 ብር ይሆናል፤ ከዚህ 24,615 ብር የመንግሥት ነው። ድርድሩን የሚመራው ሰው ይህን ልዩነት ሳያሰላ ከፈረመ፣ ለምሳሌ በ10 ተጫዋች፣ በወር ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ያልታሰበ ወጪ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለተጫዋቹ የተጣራውን ከፍሎ ግብሩን ማዘግየት ነው። ያ ገንዘብ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተጠራቅሞ ለሚቀጥለው ሥራ አስኪያጅ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል።

25 ተጫዋች በአማካይ 40 ሺህ ብር ያልተጣራ ቢከፈላቸው በወር 1 ሚሊዮን፣ በዓመት 12 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ አሠልጣኞችን፣ ወጌሻውን፣ ትጥቅ ያዡንና ሾፌሩን አይጨምርም። ጉዞውን ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ የጅማ ከባዱ ወጪ እሱ ነውና።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአብዛኞቹ ተጋጣሚዎቿ ጋር የሚያገናኛት መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል። መቀሌ ለመድረስ ሌላ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል፤ ድሬዳዋ ከ500 በላይ። እሑድ መቀሌ ላይ የሚጫወት የጅማ ቡድን በአውቶቡስ ከሄደ ረቡዕ ጠዋት ይነሳል፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል፣ ዓርብ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ቀለል ያለ ልምምድ ይሠራል። ከጨዋታው በኋላ እዚያው አድሮ ሲመለስ ሁለት ሌሊት ይጨመራል። 18 ተጫዋች፣ ሦስት አሠልጣኝ፣ የሕክምና ባለሙያ፣ ቡድን መሪ፣ ትጥቅ ያዥና ሁለት ሾፌር ሲደመሩ 26 ሰው ናቸው። ሰባት ሌሊት በሁለት ሰው አንድ ክፍል ቢታሰብ 91 የክፍል ኪራይ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ 546 ሰሃን ምግብ። ውሃ፣ ነዳጅና ውሎ አበል ገና ነው። በዓመት ከሜዳ ውጪ 15 ጨዋታ አለ። ሁሉም እንደ መቀሌ አይርቅም፤ ቢሆንም ቅርብ የሚባለው የጅማ ጉዞ እንኳ ለአዲስ አበባ ክለብ ሩቅ የሚባለው ነው።

ወጪውን የሚያባብሰው የአካሉ ድካም ነው። ከሰባት ሌሊት ጉዞ ረቡዕ ማታ የተመለሰ ቡድን ሐሙስ ከባድ ልምምድ መሥራት አይችልም፤ የታጠፈ ጉልበትና ወገብ በእንቅልፍና በእሽት ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የሳምንቱ ዋና የልምምድ ቀን ይዘላል። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ሳምንቶች ሲደማመሩ በጭን ጡንቻ ጉዳትና በሁለተኛው አጋማሽ በሚቆጠሩ ግቦች ይታያሉ። በአውሮፕላን መሄድ ለዚህ ፈውስ ነው፤ የሚፈቀደው ግን ገንዘቡ ገና ሙሉ በሆነበት በመስከረምና ጥቅምት ሲሆን፣ በግንቦት ቡድኑ ወደ አውቶቡስ ይመለሳል። መሆን የነበረበት የተገላቢጦሽ ነው፤ የአየር ትኬት በጀት ለመጨረሻዎቹ 10 ሳምንታት መቆለፍ አለበት።

ደመወዝ ሲዘገይ ምን ይከተላል?

ይህን የማያውቁ የቦርድ አባላት ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ በዝርዝር መነገር ይገባዋል። ከግንቦት 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፊፋ ደንብ አንቀጽ መሠረት የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቢያንስ 15 ቀን ይጠብቃል። ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ያን ካደረገ ያልተከፈለው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የቀረው የውል ዘመንም በካሣ ስሌት ውስጥ ይገባል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ፊፋ ዘንድ ይቀርባል። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ክለቡ 45 ቀን አለው፤ ካልከፈለ እስከ ሦስት ተከታታይ የዝውውር መስኮት ድረስ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ ይከለከላል።

የከተማ ክለብ በዚህ የሚጠመደው እንዲህ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ በኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሉን የሚከፍተው ያለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ተነስቷል። 15 ቀኑ ያልፋል። ክሱ ሲመጣ መልስ የሚሰጥ ጠበቃ የለም፤ ምክንያቱም በበጀቱ ውስጥ "የሕግ አገልግሎት" የሚባል መደብ አልተያዘም። ውሳኔው ሲደርስ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የከተማ አስተዳደር ደግሞ ዶላር በእጁ የለም፣ ከባንክ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። የሦስት ወር ደመወዝ ዕዳ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት የሚደርስ የምዝገባ እገዳ ሆኖ ይቋጫል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በፊፋ ሥርዓት ላይ የሚመዘገበው ኢሜይል የክለቡ እንጂ የግለሰብ እንዳይሆን ማድረግ፣ ሁለት ሰው በየቀኑ እንዲከፍተው መመደብ፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቢያንስ የአንዱን ወር ደመወዝ ወዲያው ከፍሎ ለቀሪው በጽሑፍ የክፍያ ስምምነት መፈረም። ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስምምነት ይቀበላሉ፤ የሚያስከፋቸው ዝምታው ነው።

በዚህ ጉዳይ ለተጫዋቹ ማዘን ይገባል። የእግር ኳስ ዕድሜ 10 ወይም 12 ዓመት ነው። ከሩቅ መጥቶ ጅማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ የ24 ዓመት ልጅ ሦስት ወር ሳይከፈለው ቅዳሜ "ለማሊያው ተዋደቅ" ሲባል መስማት ይከብደዋል።

ከ2012 እስከ መውረድ

የ2012 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ተሰርዞ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ቀረ። በ2013 ሊጉ በአክሲዮን ማህበሩ ሥር በአዲስ መልክ ተጀመረ፤ የዲኤስቲቪ የአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የስርጭት ውል መጣ፤ ጨዋታዎቹም በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ተካሄዱ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ አስተናገዱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በዚያ ዓመት መላው አገር በቴሌቪዥን አየው።

ለጅማ ይህ አሠራር ሁለት ገጽ ነበረው። ያ ሁሉ የጉዞ ጣጣ ቀረ፤ በምትኩ ግን ቡድኑ በየከተማው ለሳምንታት ሆቴል መቀመጥ ጀመረ። ከሁሉ የከፋው የሜዳ ጥቅም መጥፋቱ ነው። ከሂርማታና ከመርካቶ፣ ከጅሬን ሰፈሮች የሚመጣው ሕዝብ 15 ጊዜ ቡድኑን የሚያይበት ዓመት አበቃ። የመግቢያ ገቢ ትልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን የደጋፊ ማህበር መዋጮ፣ የማሊያ ሽያጭና የነጋዴው ድጋፍ የሚነሳው ከስታዲየም ስሜት ነው። ቡድኑን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያይ የቡና ነጋዴ በየወሩ የሚያዋጣበት ምክንያት እየሳሳ ይሄዳል።

ሜዳው ራሱም አንድ ቃል ይገባዋል። ጅማ ዝናብ የማይሰስትባት ከተማ ናት፤ ዓመታዊ ዝናቧ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ አፈሯም ቀይ ሸክላማ። ሸክላ ውሃ በዝግታ ነው የሚያሳልፈው። ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ በመጀመሪያ የሚበላሸው የግብ ክልሉና የመሐል ሜዳው ነው፤ እዚያ ሣሩ በጫማ ተነቅሎ ጭቃው ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በኋላ የዘነበው ሁሉ እላዩ ላይ ይተኛል። በአንድ ሜዳ በቀን ሁለት ጨዋታ ሲደረግ ይህ በሳምንት ውስጥ ይመጣል። ከሣሩ ሥር የአሸዋ ንጣፍና በየጥቂት ሜትሩ የተቀበረ ቀዳዳ ቱቦ የሌለው ሜዳ በላዩ ዘር ቢዘራበት አይድንም። ከጨዋታ በኋላ የተነቀለውን ሣር በዚያው ምሽት መልሶ መትከል፣ የተጠቀጠቀውን ቦታ በሹካ መብሳትና ደረቅ አሸዋ መሙላት ግን በአራት ሠራተኛ የሚሠራ ነው።

በ2013 አባ ጅፋር በሊጉ ታችኛ ክፍል ጨርሶ የትግራይ ክለቦች ባለመኖራቸው በተዘጋጀው የማሟያ ውድድር ቦታውን አተረፈ። ያ ማስጠንቀቂያ ነበር። በ2014 ግን የሚያተርፈው አልተገኘም።

አብሮ ያደገው ፋሲል

በ2008 መጨረሻ ከአባ ቡና ጋር ያደጉት ፋሲል ከነማ፣ ወልዲያና አዲስ አበባ ከተማ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ወርደዋል፤ ፋሲል ግን በሊጉ ቆይቶ በ2013 ሻምፒዮን ሆነ። ለዋንጫው አምስተኛ ዓመቱን ጠብቋል። ልዩነቱን በከተማ ሀብት ብቻ ማብራራት አይቻልም። ፋሲል ከከተማው አስተዳደር ጎን የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርና ብርቱ የደጋፊ ማህበር ነበረው፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይይዘዋል። እንደ ሦስት ጉልቻ ነው። የጅማ ክለቦች በአብዛኛው በአንዱ ጉልቻ ላይ ነው የተጣዱት፤ እሱም የመንግሥት በጀት ነው።

ጅማ ደግሞ ስፖንሰር የምታጣ ከተማ አይደለችም። በአካባቢው የሚመረተው ቡና፣ ዩኒቨርሲቲው፣ በየመንገዱ ያሉት ባንኮች አሉ። ስፖንሰር የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነገር ነው፦ የተመረመረ ሒሳብ፣ ከከንቲባ ለውጥ ጋር የማይለወጥ ቦርድ፣ እና ማሊያው ላይ ያለው ስም ለሦስት ዓመት እንደሚቆይ ማረጋገጫ። የቦርዱ ሰብሳቢ በሹመቱ ምክንያት የተቀመጠ ባለሥልጣን ከሆነ፣ ሹመቱ ሲያበቃ ከስፖንሰሩ ጋር የነበረው መተማመንም ያበቃል። ቢያንስ የቦርዱ ግማሽ በደጋፊ ማህበርና በንግድ ማኅበረሰቡ የሚመረጥ፣ የሥራ ዘመኑም ከምርጫና ከሹመት ዘመን ጋር ያልተያያዘ መሆን አለበት።

ሁለት ክለብ ይበዛል ወይ የሚለው ጥያቄም ጅማ ውስጥ ይነሳል። መልሱ ይበዛል ነው። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ሁለት ዋና ቡድን የምትሸከምበት ገቢ የላትም። ሁለቱን ስም ይዞ መቀጠል ግን ይቻላል፤ አንደኛው ዋናውን ቡድን ሲይዝ ሌላው ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ያሉትን ታዳጊዎችና የሴቶቹን ቡድን ይያዝ። ካፍም በአህጉራዊ ውድድር ለሚሳተፍ ክለብ የታዳጊና የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይህ ከፈቃድ መስፈርት ጋር ይገጥማል።

የታዳጊው ጉዳይ ከስሜት በላይ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ከ12 እስከ 18 ዓመቱ ጅማ ውስጥ ያደገ ልጅ ኋላ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ የጅማው ክለብ ድርሻ 2.5 በመቶ፣ 5 ሺህ ዶላር ይሆናል። ልጁ ሌላ ጊዜ እንደገና ቢሸጥ እንደገና ይከፈላል። ክፍያው የሚሰላው ግን በፌዴሬሽኑ የተመዘገበ የተጫዋች ፓስፖርት (ተጫዋቹ በየዕድሜው የነበረበትን ክለብ የሚያሳይ መዝገብ) ላይ ባለው ታሪክ ነው። በየሰፈሩ ባሉት የታዳጊ ፕሮጀክቶች የሚሠለጥኑት ልጆች በክለብ ስም ካልተመዘገቡ በፊፋ ዘንድ ጅማ አላሠለጠነቻቸውም።

ምዝገባው በየዓመቱ ውድድሩ ሳይጀመር የልደት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ የወላጅ ስምምነትና የክለቡ ማህተም አያይዞ ለፌዴሬሽኑ ማስገባት ነው። አንድ የቢሮ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ለ40 ልጅ ይጨርሰዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከ8 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውጥቶ ማቅረብ መቻል አለበት፤ ለዚህም የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ሲለዋወጥ ወረቀቱ አብሮ የማይጠፋበት፣ የክለቡ የራሱ የሆነ ቢሮ ያስፈልጋል።